የረጅሟ ልክ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ የኋላ ወንበር ፍታ የሚል ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በአውቶ መካኒክ ተመርቄ፣ እናቴ አጥባ የተኮሰችልኝን ቱታ ለብሼ፣ ከአዘዞ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ጋራዥ በር ላይ በጧት ተገተርኩ። ሞተር አውርድ እባላለሁ ብዬ ነበር። የሠራተኞቹ አለቃ ካቦ አለቤ ግን ቁልፍና ካቻቢቴ አስያዘኝና በግቢው መሀል የቆመች ነጭ ረጅም መኪና በአገጩ አሳየኝ።

እንዲያ ያለች መኪና አይቼ አላውቅም። ከፊት ሲያዩዋት የሚኒስትር መኪና ናት፤ መቀመጫዋ ቆዳ፣ ዳሽቦርዷ እንጨት። ኮፋኖዋ ሲከፈት ደግሞ የእሽቅድምድም ሞተር ይዛለች። ከኋላ ጣሪያዋ ቁልቁል ሳይል እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይሄድና እንደ ግድግዳ በቆመ መስታወት ያበቃል። በአገሯ ባለጸጎች ሻንጣቸውንና ውሻቸውን ጭነው እንዲከንፉባት የተሠራች ናት አሉ። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም፤ ጎንደርም ጠርቶት አያውቅም። ለከተማው ሰው "ረጅሟ" ነበረች።

ብሎኖቹን እየፈታሁ ወንበሩ ምን ሆኖ ነው ብዬ ጠየቅሁ። አለቤ ወንበሩ ምንም እንዳልሆነ፣ አንዲት የአምባ ጊዮርጊስ ሴት ሆስፒታል አርፋ ወደ ደብሯ ልትሄድ እንደሆነ ነገረኝ። ብሎኖቹን በጣሳ አድርጌ ከአጠገቤ እንዳላርቃቸውም አዘዘኝ፤ ነገ መልሼ አስራቸዋለሁ፣ ሰሞኑን ደግሞ እንደገና እፈታቸዋለሁ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

የመኪናዋ ባለቤት አቶ መኳንንት የሰሊጥ ነጋዴ ነበሩ። ሳንጃ ወርደው ይገዛሉ፣ ጎንደር አምጥተው ይሸጣሉ። ከኛ በዕድሜ ስለሚበልጡ አያ መኳንንት እንላቸዋለን። ቁመተ ረጅም፣ ንግግረ ቁጥብ፣ ሲያሽከረክሩ ግን ሌላ ሰው ነበሩ። የደጋ ሰው ሆስፒታል ሲሞትና ዘመዶቹ አስከሬኑን ወደ አገሩ የሚወስዱበት ሲያጡ ወደ እሳቸው ይመጣሉ። እምቢ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ነዳጁም የራሳቸው ነው።

ለምን እንዲያ እንደሚያደርጉ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ፍሪሲዮኗን ቀይሬላቸው ለሙከራ ወደ ወለቃ ስንወጣ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ገና ጎረምሳ ሳሉ አባታቸው ጎንደር ሆስፒታል ሞቱ። ደብራቸው ከዳባት ወጣ ብሎ ነው። የተገኘው የጭነት መኪና ብቻ ስለነበረ ሳጥኑን ከቆርቆሮና ከጨው ጆንያ ጋር ጭነው ሸራ አለበሱት። በየጠመዝማዛው ሳጥኑ እየተንሸራተተ የመኪናውን የጎን ከለላ፣ ስፖንዳውን፣ ይመታል። ልጁ መኳንንት ከላይ ተኝተው በሁለት እጃቸው ይዘውት ሄዱ።

"ዋሴ፣ አባቴ እንደ ዕቃ ሄደ" አሉኝ፣ መሪውን እንደያዙ። "እኔ ስሞት በጭነት ማኪና አልሄድም። አቅሜ እስከቻለ ድረስ ሌላም ሰው አይሄድም።"

ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርኩ የሞት ወሬ ሩቅ ነበር የሚመስለኝ። ዛሬ ሳስበው ግን የሥራ ዘመኔ በሙሉ በዚያች ንግግር ስር ነው የዋለው። ሰውየው ለንግድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ርካሽ ፒክአፕ ይበቃቸው ነበር። ረጅሟን የገዟት ቀጥ ያለ ጣሪያና ሰው ተንጋሎ የሚያርፍበት ወለል ስላላት ነው። ፍጥነቷን ደግሞ ወደዱላት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልናገር። ሬሳ ይዘው ሲሄዱ ከሦስተኛ ማርሽ አያልፉም። ጉድጓድ ሲያዩ ከሩቅ ፍሬን ይይዛሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርሱ ያቆማሉ። ቀብረው ሲመለሱ ግን ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይረግጡታል። አብሬያቸው ስመለስ መያዣውን ጨብጬ ዳዊት የደገምኩበት ጊዜ አለ። ለቅሷቸው በእግራቸው ነበር የሚወጣ። እኔም ሞተሯን አስተካክዬ በማስረከቤ በዚያ ለቅሶ ድርሻ ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያዋ ረጅሟ ካርቡራተር ነበራት። ሳንጃ ቆላ ስትወርድ ቤንዚኑ በሙቀት እየፈላ መንተክተክ ትጀምራለች፤ ኮሶዬ ስትወጣ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ካርቡራተሯን ለቆላ አንድ ዓይነት፣ ለደጋ ሌላ ዓይነት አደርግላት ነበር። ካንዴላዋን አውጥቼ መጥረግ የዘወትር ሥራዬ ነው። የኋላ በሯን የሚያነሱት ሁለት ዘንጎች ደክመው ስለነበር የባሕር ዛፍ ቁራጭ ደግፈንበት ነበር የምንጭን። ግን ጠንካራ ነበረች። ምን ቢከብዳት ሞላዋ አይሰምጥም፤ የሬሳ ሳጥን ከነመስቀሉ ገብቶ ከላዩ ሌላ ቦታ ይተርፋል።

አለቤ ጡረታ ሊወጣ ሲል ሁለተኛዋ መጣች። ቅርጿ እንደ መጀመሪያዋ ቢሆንም ማዕዘኖቿ ክብ ሆነዋል፣ ጣሪያዋ ዝቅ ብሏል። ካርቡራተር የላትም፤ ቤንዚኑን የምትረጨው በራሷ መጥና ነው፤ ቱርቦም አላት። ኮሶዬን ስትወጣ እንደ ሜዳ ነበር። አያ መኳንንት በደስታ እንደ ጎረምሳ ሆኑ። አለቤ ግን ኮፋኖዋን ሳይከፍት ወደ ኋላ ዞረና ጎማው የሚሽከረከርበት እብጠት ከግራና ከቀኝ ወደ ውስጥ መግባቱን አሳየኝ። ሳጥን ወለሉ ላይ አይቀመጥም፤ እብጠቱ ላይ ይንሳፈፋል።

ከእብጠቱ እኩል የሚሆን የጣውላ መደብ ሠራሁላት። ሳጥኑ ያለ ችግር እንዲንሸራተት ሁለት የላሜራ ሐዲድ መታሁበት። ወለሉ ከፍ ሲል ግን ጣሪያው ቀረበ። ያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ የሚሠራው ሳጥን ክዳኑ እንደ ቤት ጣሪያ ወደ ላይ የሾለ ነው። አልገባ አለ። ከሆስፒታሉ በታች ካሉት ሳጥን ሠሪዎች ዋናው ጋሼ ንጉሤ ነበርና እሱን ወስጄ አሳየሁት። ቆሞ አየ፣ በክንዱ ለካ፣ ምንም ሳይል ሄደ። ከዚያ ወዲያ ወደ ደጋ ለሚሄዱት ክዳኑን ጠፍጣፋ አድርጎ ይሠራ ጀመር።

ለዓመታት እንዲህ ሆነ። ሰው ሲሞትበት ሳጥን ሠሪው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ እዚህ ነው የሚቀበር ወይስ ይሄዳል? ይሄዳል ከተባለ "የረጅሟ ልክ" ብሎ ለረዳቶቹ ይናገራል። በልማድ የወጣ ስም ነበር፤ ማንም አልጻፈው፣ ማንም አላወጀው። ከመኪናዋ ልክ ጋር የከተማው ሞት ተስማማ። እኔም ያኔ ካቦ ሆኜ ነበርና ከማዕረጌ ይልቅ በዚህ እኮራ ነበር፤ አሁን ስናገረው ይከፋኛል።

ሦስተኛዋ መንገድ ላይ ስታልፍ ሰው ቆሞ የሚያያት ነበረች። ዝቅ ያለች፣ ሰፊ፣ የኋላ መስታወቷ እንደ መጀመሪያዎቹ ያልቆመ፤ ጋደም ማለት ጀምሯል። ማርሿ በራሱ ይቀያየራል። ከኋላ ሞላ የላትም፤ የሚሸከማት በአየር የተሞላ የጎማ ከረጢት ነው። ሲጫንባት ኮምፕረሰሩ አየር ይሞላና ራሷን ቀና ታደርጋለች። አስፋልት ላይ ሬሳው ሳይነቃነቅ ይደርሳል። የንጉሤ ሳጥን ይገባል፤ ግን በጣት ስፋት ነው የሚያልፍ።

አንድ ጊዜ በወሊድ የሞተች ልጅ ይዘው ሄዱ። ከዳባት ወዲያ አስፋልቱን ለቀው የገጠሩን መንገድ እንደያዙ ስል ድንጋይ ከረጢቱን ቀደደው። መኪናዋ ቁጭ አለች። ስልክ ተደውሎልኝ በፒክአፕ ደረስኩ። ስደርስ ገበሬዎቹ ሳጥኑን አውጥተው በትከሻቸው ይዘው ሄደዋል፤ ሙሾው ከኮረብታው ማዶ ይሰማል። አያ መኳንንት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ተከትለው መንገዱን ጀምረው ትንፋሽ አጥሯቸው ነው የተመለሱት። ኩላሊታቸው ያኔ ጀምሯቸዋል።

"አያ፣ ምነው ብቻዎን?" አልኳቸው።

"ልጅቱን በሰው ትከሻ አደረስኳት" አሉ። ቆይተው ደግሞ "ዋሴ፣ እኔን ደጃፌ ሳልደርስ ሜዳ ላይ እንዳታስቀረኝ" አሉኝ። አላስቀርዎትም አልኩ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር በቃል ተነጋግረን አናውቅም፤ ግን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

የአየር ከረጢቱን አውጥቼ ጣልኩና የትንሽ አውቶቡስ ሞላ አስተካክዬ አስገባሁ። መኪናዋ እንደ በሬ ጠነከረች። ኮምፒውተሯ ግን አላመነም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በርቶ ቀረ። ስካነር ይዤ ብለምናት፣ ፊውዝ ብነቅል፣ አልጠፋም። አያ መኳንንት ትንሽ ላስቲክ ለጥፈው ሸፈኑትና ለቅሶ ላይ ያለ ሰው አምፖል አያይም አሉ።

ልጃቸው ዮናስ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ገና በአሥራዎቹ ለትምህርት ሄዶ እዚያው ሥራ ያዘ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ይህን ማንም እንዳይሳሳት። አባቱ መታመማቸውን ሲሰማ በየጊዜው ይመጣል፣ መድኃኒት ያመጣል። የሦስተኛዋ ማርሽ ሲበላሽና ዕቃ ሲጠፋ ለእሳቸው ሳይነግር ሸጣትና ለፋሲካ አራተኛዋን ይዞ ከተፍ አለ። የነዳጅ መኪና ከውጭ አይገባም በተባለበት ጊዜ ስለሆነ ይህችኛዋ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ናት።

ጋራዥ ያመጣት ቀን ዙሪያዋን ዞርኩ። ማሽከርከር የወደደ ሰው የሚያልማት መኪና ናት። ኮፋኖዋ ስር ለእኔ የሚሆን ሥራ የለም። ሞተሯ ድምፅ የለውም። ባትሪዋ ወለሉ ስር ስለሆነ ወለሏ ወደ ላይ ወጥቷል። ጣሪያዋ ከሾፌሩ ራስ ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል፤ የኋላ መስታወቷ ተኝቷል። በሯ በአዝራር ይከፈታል። ስትከፈት እጄን ዘረጋሁና ከወለሉ እስከ ጣሪያው ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ዮናስ በኩራት ያየኛል፤ ምን ልበለው? እንኳን ደስ ያላችሁ አልኩ።

ቤታቸው ስንወስዳት አያ መኳንንት በምርኩዝ ወጡ። ፊታቸው አብጧል። ከፊት አላዩዋትም፤ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ዞሩ። በሩ ተከፈተ። ዮናስ ስለ ፍጥነቷ፣ ስለ ቻርጇ ያስረዳል። እሳቸው ጫማቸውን አወለቁና ደግፈኝ አሉኝ። ደገፍኳቸው። ወንበሩን አጠፍንላቸው። ገቡና በጀርባቸው ተጋደሙ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"ይኸው ገባሁ" አሉ። "ምነው ዝም አላችሁ? ሸጋ ናት።"

ዮናስ አባቱ የቀለዱ መስሎት ሳቀ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ከደረታቸው በላይ ለሳጥን ክዳን የሚሆን ቦታ የለም። ሰው ይገባል፤ ሳጥን አይገባም። ይህን ግን ለታመመ ሰው ማን ይናገራል? በኛ አገር በሽተኛ ፊት ሳጥን አይነሳም። እሳቸውም ሳይጠይቁኝ ወጡ።

በማግስቱ ወደ ጋሼ ንጉሤ ሄድኩ። የመኪናዋን ልክ በሲባጎ ቋጥሬ ይዤ ነበር። ዝቅ ያለ፣ ክዳኑ እንደ ሰሌዳ የሆነ ሳጥን ቢሠራና ቢያስቀምጥ ብዬ አዋየሁት። መላጊያውን አስቀመጠና አየኝ።

"በሕይወት ላለ ሰው ሳጥን አልሠራም" አለ። "ለመኳንንትማ እንዴት አድርጌ? ቀኑ ሲደርስ ሲባጎህን ይዘህ ና።"

ለሌላ ሰው ነው ብዬ እንዳልዋሸው ያውቀኛል። ደግሞም እውነቱን ነው። ሬሳ ሳይኖር ሳጥን የሚሠራ አናጢ ሞትን ይጠራል ይባላል፤ አምኖበት ለኖረ ሰው ጉልበት ያለው ነገር ነው። ለዮናስ ልነግረው ፈለግሁ፤ ግን አባትህ ሲሞት ከምትል ቃል ሳልጀምር ሳጥን የሚለው ላይ መድረስ አልቻልኩም። ሲባጎውን ጋራዥ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።

አያ መኳንንት ክረምቱ ሊወጣ ሲል አረፉ። ሆስፒታል ነበሩ፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅና የንስሐ አባታቸው አጠገባቸው ነበሩ። ሲነጋ ሲባጎውን ይዤ ወደ ንጉሤ ሮጥኩ። እያለቀሰ ጣውላ መምረጥ ጀመረ። ወዲያው ከቤት ሰው ተላከብኝ፤ ሳጥኑን ዮናስ ከአዲስ አበባ እያመጣ ነው፣ ሌላ እንዳይሠራ ብሏል። ስደውልለት ስልኩ ዝግ ነው፤ አውሮፕላን ላይ ነው። ንጉሤ ጣውላውን መልሶ ከግድግዳው ጋር አስደገፈው።

ያን ሰሞን የዳባት መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ ነበር የከረመ። ያን ቀን ተከፍቷል፤ እስከ ቀትር ድረስ ይታለፋል ተባለ፤ ነገ አይታወቅም። ስለዚህ ከጎንደር የምንወጣው ሳይረፍድ ነው። ደብሩ ላይ ካህናቱ እየጠበቁ ነው፤ መቃብሩ ከአባታቸው አጠገብ ተቆፍሯል።

ዮናስ ከአዘዞ አየር ማረፊያ ሳጥኑን በፒክአፕ አስጭኖ መጣ። እንዲያ ያለ ሳጥን ጎንደር አይቶ አያውቅም። ቫርኒሽ የተቀባ፣ የናስ እጀታ ያለው፣ ክዳኑ ደርብ ደርብ ሆኖ ከፍ ያለ። ከአባት የሚቀር ምን ነገር አለ፣ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ነው የገዛው። አስከሬኑ ተገንዞ ገባበት። ስድስት ሰው ተሸክመን ወደ አዲሲቷ መኪና አስጠጋን። የእግሩ ጫፍ ገባ። ክዳኑ ጣሪያውን ነካና ቆመ።

አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዘነበልነው። የጣሪያውን ልባስ ፈታሁ፣ የመብራቱን ሳህን ነቀልኩ፤ የተገኘው የጣት ወርድ ነው። ግማሹ ውጭ ቀረ። በገመድ እንሰረው ያለ አለ፤ ሳጥኑ እንደታጋደለ ስለሆነ አይቆምም። ንጉሤ አሁን ሌላ ሳጥን ቢጀምር ቀትር ያልፋል። ከግቢው ውጭ አንድ ዘመድ ድንገት ቢያስፈልግ ብሎ ያቆመው የጭነት መኪና አለ። ሾፌሩ ስፖንዳውን ሲጥል ድምፁን ሁላችንም ሰማነው።

ዮናስ ወደ ጭነቱ መኪና እንውሰደው አለ፤ ሰዓት እየሄደ ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በመካከል ገብተው ቆሙ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"አባትህ በዚያ አይሄድም። እኔ ሳልሞት አይሄድም።"

ልጁ ምንም አላወቀም ነበር። ስለ አያቱ ሳጥንና ስለ ጨው ጆንያው የነገረው ሰው የለም። እዚያው ሰው ፊት እኔ ነገርኩት። ሰማኝና እጁን ሳጥኑ ላይ አድርጎ ቀረ። ምን እናርግ ታዲያ አለኝ፤ ዋሴ ምን እናርግ። እኔ የያዝኩትን ቁልፍና ፒንሳ መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

የንስሐ አባታቸው ናቸው የተናገሩት። ሥርዓቱ ግንዘትና ፍትሐት እንጂ ሳጥን አይደለም አሉ። ሳጥን ትናንት የመጣ ነው፤ የደጋ ሰው በሰሌን ተጠቅልሎ ነው ሲቀበር የኖረ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወዲያው አውጡት አሉ። ዮናስ የእናቱን እጅ ያዘ።

"እማ፣ አባቴን እንደ ድሃ?"

"እንደ ዘመዶቹ" አሉት።

ሰሌን ከገበያ መጣ። ሽማግሌዎቹ አስከሬኑን ከሳጥኑ አውጥተው በሰሌኑ ጠቀለሉት፣ በሦስት ቦታ አሰሩት። ከላይ ጋቢያቸውን አለበሱ። መኪናዋ ውስጥ ስናስገባቸው አልተቸገርንም፤ የራሳቸው ልክ ነበረች። በሩን የሚዘጋው አዝራር ነው፤ እኔ ግን በእጄ ይዤ ቀስ ብዬ አወረድኩት። ያ ሁሉ ቫርኒሽና ናስ ግቢው መሀል ተከፍቶ ቀረ።

ዮናስ መሪውን ለኔ ሰጠኝ። እሱ ከኋላ፣ ከአባቱ ጎን ተኮራምቶ ተቀመጠ። ቻርጇ ለመሄድ ይበቃል፤ ለመመለስ እግዜር ያውቃል ተባባልን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያለ ጉዞ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ሳዳምጥ ነው የኖርኩት፤ ሲስቅም ሲታመምም ከድምፁ አውቃለሁ። ይህችኛዋ ምንም አትልም። ወለቃን አልፈን ኮሶዬን ስንወጣ የሚሰማኝ ሰሌኑ በየጠመዝማዛው ሲንኮሻኮሽና ልጁ አባቱን በሁለት እጁ ይዞ ሲያለቅስ ነው። ማርሽ የላትም እንጂ ከሦስተኛ አላልፍም ነበር።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ መንገድ ዳር ያሉ ሰዎች መኪናዋ ሳትሰማ ስለደረሰችባቸው ደነገጡ። ከዚያ ማን እንደሆነ ሲያውቁ ኮፍያቸውን አወለቁ። ብዙዎቹ ቤታቸው በአያ መኳንንት መኪና የደረሰ ሬሳ የተቀበሉ ናቸው። ከዳባት ወዲያ አስፋልቱ ሲያልቅ ወጣቶች ከፊት ከፊቴ እየሄዱ ድንጋይ አነሱልኝ። ድንጋይ ሆዷን አንዴ ብቻ ነካት። ደጀ ሰላሙ ድረስ ገባች።

ካህናቱ ተቀበሉን። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ የአባታቸውን ቀብር ያዩ፣ ሰሌኑን በእጃቸው ዳሰሱና ሸጋ አረጋችሁ፣ እንደ አያቶቹ መጣ አሉ። ዮናስ ያን ጊዜ ነው ሰሌኑ ላይ የተደፋው። እኔ ያለቀስኩት ቆየት ብዬ ነው፤ ወደ መኪናዋ ተመልሼ የኋላ ወለሏን ስጠርግ። ጥቂት የሰሌን ስንጥር ብቻ ነው የቀረ። የሚፈታ ወንበር፣ የሚታሰር ብሎን የለም።

ስንመለስ ቻርጇ ዳባት ላይ አለቀ፤ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጄኔሬተር ላይ ሰክተን አደርን። ዮናስ መኪናዋን ሊሸጣት ፈለገ። እናቱ ከለከሉት። ሳጥኑን ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንደሄደበት አልጠየቅሁም።

እኔ ባለፈው ዓመት ጋራዡን ለቅቄ ቤቴ ገባሁ። ማራኪ አካባቢ መካኒክነት የሚማሩ ልጆች አልፎ አልፎ ይመጡና ስለ ሥራው ይጠይቁኛል፤ የትኛዋ ረጅሟ ትበልጥ ነበር ይላሉ። እያንዳንዷ ከቀደመችው ትፈጥን ነበር፣ ታምር ነበር፣ ነዳጅም ትቆጥብ ነበር እላቸዋለሁ። እውነት ነው። እያንዳንዷ ግን ከኋላ ትጠብ ነበር፤ ይህን የሚያውቀው ሬሳ የጫነባት ብቻ ነው።

ከሥራው የተማርኩት ይህ ነው እላቸዋለሁ። ደንበኛ መኪና ይዞ ሲመጣ ወይም ሊገዛ ሲል ለምን እንደሚፈልጋት ጠይቁት። በአፍ የማይነሳ ነገር ቢሆንም ጠይቁት፤ በዓይን መግባባት ልክ አይሆንም።